ይህን ሁሉ በዚያች ስንጥቅ!

እባክዎ አሁኑኑ ጣትዎን ቅንድብዎ ላይ ያድርጉ። ከአፍንጫ በኩል ጀምረው የዓይን ጉድጓድዎን የላይ ጠርዝ ቀስ ብለው ይዳስሱ። ጥቂት ሳይርቁ ስርጉድ ያለች ቦታ ያገኛሉ፤ አንዳንድ ሰው ላይ እንዲያውም ሙሉ ቀዳዳ ናት። ጫን ሲሏት ወደ ግንባር የሚወጣ ቅር የሚያሰኝ ስሜት አለ፤ ያ ነርቭ ነው! የግንባርንና የአናትን ቆዳ ስሜት የሚያስተላልፈው ነርቭ ከደም ሥሩ ጋር በእሷ በኩል ያልፋል። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ ከሚሴ ውስጥ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ቅንድቡን ሳስዳስስ ሰንብቻለሁ።

ግን ይህች የደጁ ናት። ዋናው ጉድ ከኋላ ነው። ሰባት አጥንቶች ተጋጥመው የሚሠሩት የዓይን ጉድጓድ የሚይዘው 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ግማሽ ሲኒ ቡና እንኳ በቅጡ አይሞላም። ዓይኑ ራሱ ከዚያ ውስጥ ሩቡን ያህል ብቻ ይይዛል። የቀረው ጡንቻ፣ ስብ፣ ነርቭና የደም ሥር ነው። ከአንጎል ከሚነሡት 12 ጥንድ ነርቮች አምስቱ በዚህ ያልፋሉ። የእይታ ነርቭ የራሱ ቦይ አለው፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ክሮች ይዞ፣ ዓይንን የሚመግበውን ደም ቅዳ አጠገቡ አድርጎ ይሄዳል። ከጎኑ ደግሞ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ የምትረዝም ስንጥቅ አለች። ዓይንን የሚያንቀሳቅሱት ሦስቱም ነርቮች፣ የስሜት ነርቭ ቅርንጫፎች፣ ደሙን የሚመልሰው ሥር፣ ሁሉም በእሷ!

ደግሞ ሥርዓታቸው! ዓይንን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚስቡት አራቱ ጡንቻዎች የሚነሡት ከአንዲት የጅማት ቀለበት ነው። ቀለበቷ የምትጠራው እ.ኤ.አ. በ1755 ስለ ዓይን አካል ድንቅ መጽሐፍ ባሳተመው በጀርመናዊው ዮሐን ጎትፍሪድ ዚን ስም ነው። በ31 ዓመቱ ያረፈ ሰው ነው፤ ዚኒያ የምትባለው አበባም የእሱን ስም ይዛለች። ታዲያ አንዳንዶቹ ነርቮች በቀለበቷ ውስጥ ሲያልፉ ከ12ቱ በተራ ቁጥር አራተኛው ነርቭ ከውጭ ዞሮ ይገባል። የሞራ ቀዶ ሕክምና ሲደረግ ማደንዘዣው ከዓይን ኋላ፣ በጡንቻዎቹ መካከል ከተወጋ ዓይኑ ቀጥ ይላል፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ በራሱ ዘንግ ላይ በመጠኑ ወደ ውስጥ መሽከርከር ይችላል። ለምን? ያ አራተኛው ነርቭ ከቀለበቷ ውጭ ስላለ መድኃኒቱ በደንብ አልደረሰበትማ! ይህን ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነሥቻለሁ።

ለእኛ አገር ሰው ግን ከዚህ የበለጠ የሚነካው አለ። አማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ አጥብቆ ከያዛቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ወረንጦ ይዘው የዓይናቸውን ፀጉር የሚነቅሉ እናቶችን ያላየ ማን አለ? ደጋግሞ የሚይዘው ትራኮማ በላይኛው የዓይን ቆብ ላይ ከውስጥ ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳው ይሸበሸብና ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል። ከዚያ ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ፀጉሩ ኮርኒያ የሚባለውን ጥርት ያለ የዓይን ፊት ይፍቀዋል። ኮርኒያ ደግሞ የደም ሥር የሌለው፣ በነርቭ ብዛት ግን ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ነው። የእነዚያ እናቶች ሕመም መንገዱ ይኸው ነው፦ ከኮርኒያ ተነሥቶ ዓይኑን አልፎ፣ በዚን ቀለበት ሾልኮ፣ በዚያችው ስንጥቅ ወደ አንጎል። ጤና ጣቢያ ውስጥ የሠለጠነ ነርስ ቆቡን በመርፌ ያደነዝዛል፣ ይቀድዳል፣ ጠርዙን ወደ ውጭ አዙሮ ይሰፋል፤ ፍቀቱ ይቆማል። ከባቲ እስከ ሰንበቴ በየገበያው ጮኼ ብናገረው ደስ ይለኛል!

ከታች ያለችውን ስንጥቅ ሳልጠቅስ አላልፍም። በእሷ የሚገባው ነርቭ በጉድጓዱ ወለል ሄዶ ጉንጭ ላይ ይወጣል፤ ከዓይኑ ሥር በኃይል ተመትቶ ወለሉ የተሰበረ ሰው ጉንጩና የላይ ከንፈሩ የሚደነዝዘው ለዚህ ነው።

የመጨረሻውን ደግሞ ይስሙ። እ.ኤ.አ. በ1908 አሽነርና ዳኚኒ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በየፊናቸው ዓይን ሲጫን የልብ ምት እንደሚቀንስ ጻፉ። መልእክቱ በስሜት ነርቭ ወደ አንጎል ግንድ ገብቶ በሌላ ነርቭ ወደ ልብ ይወርዳል። የዓይን ጡንቻ ሲሳብም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የሸውራራ ዓይን ቀዶ ሕክምና በሚደረግለት ልጅ ላይ ጡንቻው ሲሳብ ማደንዘዣ ሰጪው የልብ ምቱን ከሚያሳየው ማሽን ላይ ዓይኑን አይነቅልም፤ ምቱ ከወረደ ቀዶ ሐኪሙን «ልቀቅ» ይለዋል፣ ጡንቻው ሲለቀቅም ልቡ ወደ ምቱ ይመለሳል።