«መቼ ነው የሚነክሰው?»

ደብረ ታቦር ላይ በክረምት ጠዋት፣ ደጅ ያደረ ሞተር ተነስቶ ፍሬኑ መጀመሪያ ሲነካ የፊት ጎማው ጭምድድ አድርጎ ይይዛል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተያዘ በኋላ ግን ይለሰልሳል። ሌላ ሞተር ደግሞ ከሰዓት በኋላ ወደ ወረታ ሲወርድ፣ አለም በር አካባቢ፣ እጅ ከእጀታው ላይ ተነስቶም ፍሬኑ አልለቅ ይላል። ባለሞተሮች ሁለቱንም ለመካኒክ የሚነግሩት በአንድ ቃል ነው፤ «የፊት ፍሬኔ ይነክሳል» ይላሉ። ሁለቱ በሽታዎች ግን አይዛመዱም። እንዲያውም የመጀመሪያው በሽታ ላይባልም ይችላል።

ጥሩ መካኒክ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት ይጠይቃል። መቼ ነው የሚነክሰው? ሲቀዘቅዝ ነው ሲግል? ገና ሲነካ ነው ወይስ ሊቆም ሲል? እጀታው ጣት ላይ ይመታል? መሪው ይንቀጠቀጣል? ሌሊት ዘንቦ ነበር? «ሸራው አልቋል፣ ገዝተህ ና» ብሎ የሚጀምር ሰው ዕድል ከቀናው ያስተካክለዋል። ካልቀናው ባለሞተሩ ገንዘቡን አውጥቶ በአዲስ ሸራ አሮጌውን ችግር ይዞ ይመለሳል።

የጠዋቱ ንክሻ ምክንያቱ እርጥበት ነው። በብዙዎቹ ቦክሰር ሞተሮች የፊት ፍሬን በድራም ይሠራል፤ የድራሙ ብረት በቀዝቃዛ ሌሊት ስስ ዝገት ያበቅላል፣ ሸራውም እርጥበት ይጠጣል። በድራም ፍሬን አንደኛው ሸራ የተተከለበት አቅጣጫ ጎማው ሲዞር ይበልጥ ወደ ድራሙ እንዲገባ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ትንሽ ሻካራነት እንኳ ተባዝታ ነው እጅ ላይ የምትደርሰው። ሦስት ጊዜ ሲያዝ ዝገቱ ይጠረጋል፣ ነገሩም ያበቃል። ይህን ሰምቶ «ምንም አልሆነም፣ ክፍያም የለብህም» የሚል መካኒክ የተገኘ እንደሆነ ደንበኛው ስልክ ቁጥሩን መያዝ አለበት። ንክሻው ቀኑን ሙሉ የሚቀጥል ከሆነ ግን ጎማው መውረድ አለበት። አዋቂው አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጋል፤ ሸራውን የሚከፍተው ዘንግ ደርቆ እንደሆነ አውጥቶ በጣም ጥቂት ግሪስ ያስነካዋል፤ የሸራውን የፊት ጠርዝ በሞረድ ሰያፍ አድርጎ ያሳሳል፤ የሚያብለጨልጨውን ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ያሻክራል። ግሪስ የጠጣ ሸራ ከሆነ ደግሞ በቤንዚን አጥቦ አይመልሰውም፣ ይጥለዋል። ቤንዚን ላዩን ነው የሚያጥበው፤ ሲግል ውስጡ የተቀመጠው ዘይት እንደገና ይወጣል።

የቁልቁለቱ ንክሻ አደገኛው ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ፎገራ ሜዳ ላይ ያለችው ወረታ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሁለት ሰውና ጭነት ይዞ 300 ኪሎ የሚመዝን ሞተር ይህን ሁሉ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከ7 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን አየሩና ማርሹ ይወስዱታል፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ፍሬኑ ላይ ያርፋል።

በዲስክ ፍሬን ላይ ሲግል የሚመጣ መያዝ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ማንም ከማያየው ቀዳዳ ነው። እጀታው ሥር ባለው የፍሬን ዘይት ፓምፕ ውስጥ ከመርፌ ጫፍ ብዙም የማትበልጥ የመመለሻ ቀዳዳ አለች። እጅ ሲለቀቅ ዘይቱ በእሷ በኩል ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። በቆሻሻ ከተደፈነች፣ ወይም የተቀየረው እጀታ ልክ ሳይሆን ቀርቶ ፒስተኑን ትንሽ ገፍቶ ከያዘው፣ ዘይቱ መውጫ ያጣል። ይግላል፣ ይሰፋል፣ ሸራውን ማንም ሳይነካው ዲስኩ ላይ ይጭናል። ያ ደግሞ ይበልጥ ያግለዋል።

የመካኒክ ችሎታ በአንዲት ፍተሻ ቢለካ በዚህች ነው። ጎማው ይዞ ባለበት ሰዓት፣ ሳይቀዘቅዝ፣ ቱቦው ከፓምፑ የሚገናኝበትን ብሎን ጨርቅ ሸፍኖ በትንሹ ያላላል። ጎማው ከተፈታ ጥፋቱ ፓምፑ ጋ ነው። ካልተፈታ ብሎኑን አጥብቆ ታች ሸራውን በያዘው ካሊፐር ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ይከፍታል። አሁን ከተፈታ ቱቦው ውስጡ አብጦ ዘይቱን አግቷል ማለት ነው። አሁንም ካልተፈታ ግፊት የለም፤ የካሊፐሩ ፒስተን ወይም ካሊፐሩ የሚንሸራተትበት ፒን ዝጎ ተጣብቋል። አምስት ደቂቃ እንኳ በማይፈጅ ሥራ ሦስት ጥፋቶች ተለዩ፤ አንድም ዕቃ አልተገዛም። ከዚያ በኋላ የፈሰሰውን የፍሬን ዘይት ቀለም ሳይበላ በውሃ ያጥባል፣ አየሩንም ያስወጣል።

እጀታው ጣት ላይ እየመታ የሚይዝ ከሆነ ፈጣኑ ፍርድ «ዲስኩ ተጣሟል» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ግን ዲስኩ አልተጣመመም። ቁልቁለቱን የጨረሰ ሰው ወረታ መግቢያ ላይ ቆሞ የጋለውን ፍሬን ጨብጦ ሲጠብቅ፣ የሸራው ቁስ አንድ ቦታ ላይ ማኅተም እንደተመታ ተጣብቆ ይቀራል። ጥቂት የሚሊ ሜትር መቶኛዎች ብቻ የሆነ የውፍረት ልዩነት እንኳ እጅ ላይ ይሰማል። አዋቂው መለኪያ ባይኖረው እንኳ ቀጭን ሽቦ ሾኩ ላይ አስሮ ጫፉን ከዲስኩ ጋ አስጠግቶ ጎማውን ያዞራል፤ ክፍተቱ ካልተለዋወጠ ዲስኩን አይከስም። ዲስኩ ላይ የተቀረጸውን ዝቅተኛ ውፍረትም ያነባል።

ፍሬን የሚመስል፣ ፍሬን ያልሆነም አለ። በጉማራ ወንዝ ዳር ወዳለው የወንዛዬ ፍል ውሃ በጠጠርና በጭቃ የሚመላለስ ሞተር የመሪው ኩሽኔታ ይላላል፤ ፍሬን ሲያዝ ፊቱ በሙሉ ይንገጫገጫል። የፊት ፍሬኑን ጨብጦ ሞተሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ መወዝወዝ፣ በሌላ እጅ የመሪውን አንገት መዳሰስ ይበቃል። ከሾኩ የሚወርድ ዘይትም ሸራው ላይ ሲደርስ ያስነክሳል፤ የሾኩ ጎሚኒ ሳይቀየር ሸራ መቀየር ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ከላሊበላ በጋይንት በኩል ወደ ጎንደር የሚያልፉ የረጅም ጉዞ ከባድ ሞተሮች ሌላ ጠባይ አላቸው። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ2001 ያስገባው በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዝ ፍሬን፣ ለምሳሌ፣ በዝግታ ሲነዳ ጥቂት ሲነኩት ብዙ ይይዛል። አሠራሩ እንዲያ ነው፤ እሱን «ልጠግን» ብሎ መፍታት ጥፋት ነው።

ርክክቡም ይናገራል። ፒስተኑ የተጠረገው በፍሬን ዘይትና በጥርስ ብሩሽ ነው ወይስ በቤንዚን? ቤንዚን የፒስተኑን ጎሚኒ ያሳብጠዋል፣ ያበጠ ጎሚኒ ፒስተኑን አይመልስም። የተጨመረው የፍሬን ዘይት ካልተከፈተ ጠርሙስ ነበር? ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሆኖ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ይቋቋማል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት ወሰን 155 ነው፤ ክዳኑ ላልቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ጠርሙስ ለዚህ ቁልቁለት አይሆንም። አሮጌው ዕቃ ለባለቤቱ ተመልሷል?

የመጨረሻው ፍተሻ መንገዱ ነው። ጥሩው መካኒክ ራሱ ነድቶ ይወርዳል፤ በመጀመሪያ በቀስታ እየያዘ አዲሱን ሸራ ያላምዳል፣ ቀጥሎ ቁልቁለቱ ላይ ያግለዋል። ታች ሲደርስ ፍሬኑን ጨብጦ አይቆምም። ሞተሩን በማርሽ አስይዞ ያቆማል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ የፊቱን ጎማ ከመሬት አስነስቶ በእጁ ያሽከረክራል፣ የሸራውንም ድምፅ ያዳምጣል።