«ዲሚዲየት»፦ ከስሌት ወጥቶ በጋሻ ላይ የቀረ ቃል

የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት «ዲሚዲየት» የሚለውን ግስ አብዛኛውን ጊዜ «ለሁለት እኩል መክፈል» ብለው በአጭሩ ያልፉታል። ፍቺው ስሕተት የለበትም፤ አንባቢውን ግን የትም አያደርሰውም። ለሁለት መክፈልን የሚገልጹ የተለመዱ ቃላት በእንግሊዝኛ ሞልተዋል። ይህ ብርቅ ቃል የትኛው ሙያ እንደፈለገውና የትኛው እንደተወው ካልተነገረ ትርጉሙ ተነግሯል ለማለት ይቸግራል።

መነሻው «ግማሽ» የሚል ፍቺ ያለው የላቲኑ «ዲሚዲየም» ነው። ከዚሁ ሥር የወጣ ስም በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንግሊዝኛ በተጻፈው «ዘ ክራፍት ኦቭ ኖምብሪንግ» በተሰኘው የሒሳብ መማሪያ ውስጥ ይገኛል። መማሪያው የአሌክሳንደር ደ ቪላ ዴይን የላቲን የሒሳብ ግጥም የሚያብራራ ሲሆን ሮበርት ስቲል በ1922 አሳትሞታል። ስሌቶችን በሰባት ከፍሎ ከመደመርና ከመቀነስ ቀጥሎ እጥፍ ማድረግን ሦስተኛ፣ ማጋመስን አራተኛ ያደርጋል፤ ማባዛትና ማካፈል ከእነርሱ በኋላ ይመጣሉ።

ማጋመስ ለሁለት ማካፈል ከሆነ ለብቻው መቆሙ ለምን አስፈለገ? ምክንያቱ አሠራሩ ነው። በዚያ ዘመን ትምህርት ማካፈል ከግራ ሲጀመር ማጋመስ ከቀኝ ይጀመራል። ጎዶሎ አሃዝ ሲገኝ አንድ ይቀነስለትና የቀረው ይጋመሳል፤ በቀኙ ባለው አሃዝ ላይ ደግሞ 5 ይጨመራል። 536ን እንውሰድ። 6 ሲጋመስ 3 ይሆናል። ቀጥሎ 3 ጎዶሎ ስለሆነ 1 ይሆንና በቀኙ ያለው 3 ወደ 8 ያድጋል። በመጨረሻ 5 ወደ 2 ሲወርድ መካከለኛው 1 ወደ 6 ከፍ ይላል፤ ውጤቱ 268 ነው። በቀኝ ያለው አሃዝ አስቀድሞ ስለተጋመሰ ከ4 አይበልጥም፤ 5 ቢጨመርበትም 9ን አያልፍም። ስለዚህ ወደ ቀጣዩ ቤት የሚሻገር ቁጥር ፈጽሞ አይኖርም። ይህን ያህል ንጹሕ ዘዴ የራሱ ስም ቢሰጠው ተገቢ ነበር እላለሁ። ጌማ ፍሪሲየስ ግን በ1540 ባሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ ማጋመስን ከማካፈል የሚለዩትን በጠንካራ ቃል ነቀፈ። ክርክሩ በእርሱ ወገን አበቃ፤ ማጋመስም ከስሌቶች ዝርዝር ወጣ።

ቃሉ እስካሁን በዋናነት በሕይወት ያለው በሄራልድሪ፣ ማለትም በአውሮፓ የመኳንንትና የከተሞች አርማ ሥርዓት ውስጥ ነው። እዚያ ትርጉሙ መክፈል ብቻ አይደለም። ሁለት አርማዎች ከላይ ወደ ታች ይቆረጡና የአንዱ ቀኝ ግማሽ ከሌላው ግራ ግማሽ ጋር በአንድ ጋሻ ላይ ይጋጠማል። (ቀኝና ግራ የሚባሉት ጋሻውን በያዘው ሰው በኩል ነው፤ ለተመልካቹ ይገለበጣሉ።) የእንግሊዝ ደቡብ ምሥራቅ ወደቦች ማኅበር የሆነው የሲንክ ፖርትስ አርማ ሦስት ፍጥረታት አሉት፤ ፊታቸው የንጉሡ አንበሳ፣ ኋላቸው የመርከብ አካል ነው። በግሬት ያርማውዝ ደግሞ አንበሶቹ የሄሪንግ ዓሣ ጅራት አላቸው። የንጉሡ ሥልጣንና የከተማው መተዳደሪያ እንዲህ አንድ አካል ሆነው ይታያሉ፤ በእኔ ግምት የቃሉ ሙሉ ትርጉም ያለው በዚህ መጋጠም ላይ ነው።

ጋብቻም በዚሁ መንገድ ይገለጥ ነበር። በ1347 የካምብሪጁን ፔምብሮክ ኮሌጅ የመሠረተችው ሜሪ ደ ሴይንት ፖል የባሏን የኤይመር ደ ቫለንስንና የወላጆቿን ቤት አርማ በዚህ ሥርዓት አጋጠመች፤ ኮሌጁ ዛሬም ይጠቀምበታል። ሆኖም ዘዴው ጉድለት ነበረው። እንደ ጣሪያ የተጋጠሙ ሁለት ሰያፍ መስመሮች ያሉት አርማ ሲቆረጥ አንዱ ሰያፍ ብቻ ይቀርና የሌላ ቤተሰብ አርማ ይመስላል። ማንነትን መለየት ዋና ሥራው የሆነ ሥርዓት ይህን ሊታገሥ አልቻለም። በመሆኑም ሁለቱን አርማዎች ሳይቆርጡ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ተለመደ። የቀድሞው ልማድ ርዝራዥ ግን አልጠፋም፤ ጎን ለጎን በሚቀመጡ አርማዎች ላይ የጋሻው ዙሪያ ጠርዝ በመካከለኛው መስመር በኩል ዛሬም ይቆረጣል።

ከሄራልድሪ ውጭ በእንጉዳይ ጥናትም ቃሉ ግማሽ ክብ ቅርጽ ያለውን የእንጉዳይ ቆብ ለመግለጽ ያገለግላል፤ ይህ ጠባብ አገልግሎት ነው።

የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት የምታዘጋጁ ባለሙያዎች ይህን ቃል ስታገኙ «አጋመሰ» ብላችሁ አትለፉት። «ሁለት አርማዎችን አጋምሶ በአንድ ጋሻ አጋጠመ» የሚለውን ፍቺ ከነሙያው ስም ጨምሩበት።