የሰይጣን ቤት ወረቀት

ሲኒማ አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ ማሳያ ቤቱን «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። በጨለማ ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚሮጥ ጥላ ማንን አያስደነግጥ! ከራስ መኮንን ድልድይ ሽቅብ ወደ ፒያሳ፣ ወደ ሲኒማ ኢትዮጵያና ወደ ሲኒማ ኢምፓየር ሰፈር ስወጣ ይህ ስም ትዝ ይለኛል። የድሮ የጭራቅ ፊልም ማስታወቂያ ሰብሳቢ ያደረገኝም እሱ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ካየሁ ወዲህ ደግሞ፣ ደህናውን ወረቀት ከተራው መለየት የሚችል ሰው እንዲበዛ እመኛለሁ።

ሜትር ያዙ። የቀድሞው የአሜሪካ ዋና ፖስተር 69 በ104 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የጣሊያኑ «ሎካንዲና» ደግሞ ጠባብና ረጅም ነው፤ 33 በ70 ይሆናል። ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በወጡ ብዙ የአሜሪካ ፖስተሮች ግርጌ ላይ ዓመቱንና የፊልሙን ተራ ቁጥር በእዝባር የለየ ጽሑፍ አለ። «54/» ብሎ ከጀመረ የ1954 ነው። ከፊቱ «አር» የሚለው የላቲን ፊደል ካለ ፊልሙ ለዳግም ዕይታ ሲወጣ የታተመ ነው፤ ዋጋውም ዝቅ ይላል።

ቀጥሎ እጥፋቱን በጣት ዳብሱ። የዚያ ዘመን ፖስተር ታጥፎ ነበር የሚላከው። በእውነተኛው ላይ ቀለሙ እጥፋቱ ጋ ተሰነጣጥቆ ነጩ ወረቀት ብቅ ይላል። በቅጂው ላይ መስመሩ ለዓይን ይታያል፤ ጣት ግን ልሙጥ ነገር ነው የሚያገኘው፤ የታተመው የእጥፋቱ ፎቶ ነውና።

ከዚያ ማጉያ መነጽር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የወጡት የዩኒቨርሳል ፊልም ኩባንያ ትልልቅ ፖስተሮች በድንጋይ ሊቶግራፊ የታተሙ ናቸው፤ ቀለማቸው እንደ ኖራ ቅብ ሻካራ ቅንጣት አለው። በዚያ ፈንታ በሥርዓት የተደረደረ ነጠብጣብ ካያችሁ ተጠራጠሩ። የ1932ቱ «ዘ ማሚ» ፖስተር በ1997 (እ.ኤ.አ.) ኒው ዮርክ ውስጥ 453,500 ዶላር ተሸጧል፤ ቅጂ ሠሪዎች ለምን እንደሚደክሙ ከዚህ ይገባችኋል።

እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የምወደው የሰፈር እጅ ያረፈበትን ነው። ሎካንዲና አናቱ ላይ ባዶ ቦታ ይተውለታል፤ ሲኒማ ቤቱ ስሙንና ቀኑን እንዲጽፍበት። ክሪስቶፈር ሊ የተጫወተበት የ1958ቱ ድራኩላ በጣሊያንኛ «ድራኩላ ኢል ቫምፒሮ» ተብሎ ነው የወጣው። የእሱን ሎካንዲና አንድ ቀን እጄ ላይ ዘረጋሁት፤ ጠርዙ ተበልቷል፣ ማዕዘኖቹ በምስማር ተበስተዋል፣ አናቱ ላይ ግን በሰማያዊ ቀለም «ቅዳሜ 8 ሰዓት» ተጽፎበታል። ቀለሙ ወደ ወረቀቱ ክር ሰርጎ እንደ ሥር ተበታትኗል። ንጹሑን ቅጂ ዓለም ሁሉ ሊኖረው ይችላል፤ ያንን ቅዳሜ የያዘው ግን ይህ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቀዳዳውን አትድፈኑ፣ ጽሑፉን አትፋቁ። ስኮችና ላሚኔሽን ወረቀቱን እስከ ወዲያኛው ይጎዱታል። ወረቀቱን ሳታጥፉ፣ ከብርሃንና ከእርጥበት አርቃችሁ፣ በንጹሕ መያዣ አስቀምጡት። መያዣው ላይም ከየትኛው ሰፈር፣ ከየትኛው ቤት እንደወጣ በእርሳስ ጻፉ። ቤቱ ቢፈርስ እንኳ አድራሻው እዚያ ይቆያል።