ሣር የለበሰው ግድብ

ከመቂ ወደ ሞጆ ስንወጣ ቆቃን ዝም ብለን የምናልፍ ጥቂቶች ነን። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው ያ ግድብ ኮንክሪት ነው፣ ስምም አለው። የእኔ ልብ ግን ያለው ገጠር ውስጥ ሣር ለብሶ ሰውና ከብት የሚያጠጣው ትንሹ የአፈር ግድብ ላይ ነው።

ውበቱ የሚጀምረው ከማይታየው ነው። ሸክላው አፈር እርጥበቱ ተመጥኖ፣ ስስ ስስ ተደርጎ እየተነጠፈ ይጠቀጠቃል። ከጎኑ ያለችው ማስተንፈሻ ዓመቱን ሙሉ ሥራ የፈታች ቦይ ትመስላለች። በነሐሴ ሌሊት ግን ትርፉን ውሃ በጎን አሳልፋ ግድቡን የምታድነው እሷ ናት፤ ጎርፍ አናቱን ተሻግሮ ከፈሰሰ አፈሩን ጠራርጎ ይወስደዋልና። (አጥር አጥሮ ጎመን የሚተክልባትን እግዜር ይይለት!)

ከሁሉ የማደንቀው በእግሩ እየዞረ የሚጠብቀውን ሰው ነው። ሣሩን ይንከባከባል፤ ዛፉን ግን በችግኝነቱ ይነቅላል፤ ሥሩ ሲበሰብስ ለውሃ መንገድ ይከፍታል። የጃርት ጉድጓድ ይደፍናል። ከግርጌው የሚንጠባጠበውን ውሃ በጣሳ ይዞ ወደ ፀሐይ ያነሳዋል። ኩል ከመሰለ እሰየው፤ ከደፈረሰ ግድቡ ከውስጥ እየተሸረሸረ ነው። አሜሪካ ውስጥ ትልቁ የቴተን የአፈር ግድብ በ1968 ዓ.ም. ገና ውሃ እየሞላ ሳለ፣ ጠዋት የታየው ድፍርስ ፍሳሽ እኩለ ቀን ሳይሞላ ግድቡን ደርምሶ 11 ሰዎች ሞቱ።

ዛሬ በጣሳው ያለው ውሃ ኩል መስሏል። ከብቶቹም ደርሰዋል።