መዝገብና ካርድ፤ ስለ አንድ የሕክምና ስያሜ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃል የሚመዘነው በድምፁ ማማር ሳይሆን አንዱን ነገር ከሌላው ለይቶ በማሳየት ችሎታው ነው። በዚህ ሚዛን «ኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ» የተባለውን ስያሜ ስንመረምረው ጎድሎ አግኝተነዋል።

ስያሜው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንዲሸከም ተደርጓል። አንደኛው፣ አንድ ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ የራሱን ታካሚዎች ምርመራና መድኃኒት በኮምፒዩተር የሚይዝበት ነው። ሁለተኛው፣ ታካሚው ወደ ሌላ ተቋም ሲዛወር ታሪኩ አብሮት እንዲሄድ ተቋማት በጋራ ደንብ የሚለዋወጡት ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና መረጃ ቴክኖሎጂ ኅብረት የተባለው ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው ፍቺ ሁለቱን በየስማቸው ለይቷቸዋል፤ የልዩነቱም መሠረት መረጃው የአንዱን ተቋም አጥር መሻገሩ ወይም አለመሻገሩ ነው።

«ኤሌክትሮኒክ» የሚለው ቅጽል ይህን ጉድለት አይሞላም፤ የሚነግረን መረጃው በምን እንደ ተያዘ እንጂ እስከ የት እንደሚደርስ አይደለምና። «መዝገብ»ም በግእዝ የሀብት ማከማቻ፣ ግምጃ ቤት ማለት ነው፤ ስለዚህም በአንድ ስፍራ ለሚቀመጠው ተስማሚ ሲሆን፣ ከሰው ጋር ለሚጓዘው ግን ያለ ገላጭ አይበቃም።

የሕዝቡ አነጋገር በዚህ ረገድ ከባለሙያው ይልቅ ጠንቃቃ ነው። ሰው በሄደበት ተቋም ሁሉ «ካርድ ያወጣል»፤ ካርዱም በካርድ ክፍል ይቀራል። ወደ ሌላ ሆስፒታል ሲላክ ይዞ የሚሄደው «የሪፈር ወረቀት» ነው። ለሁለት ነገር ሁለት ስም አለው ማለት ነው።

ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ፔኒሲሊን የማይስማማው ታካሚ ይህንኑ ተናግሮ «በመዝገብ ገብቷል» ከተባለ፣ በተላከበት ሁሉ የታወቀለት ይመስለዋል፤ ተቀባዩም ሐኪም «መዝገብ አለው» ሲባል ሳይጠይቅ ሊያልፍ ይችላል። መዝገቡ ግን ከመጀመሪያው ተቋም አልወጣም። ስያሜው ያዘናጋው ሐኪም የሚያዝዘው መርፌ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

አንዱን «የሕክምና መዝገብ»፣ ሌላውን «የጤና መዝገብ» ማለት ይበቃል የሚል ሐሳብ ሊቀርብ ይችላል። አይበቃም እንላለን፤ ጤና ጣቢያም ሕክምና ይሰጣልና፣ በአማርኛ በሁለቱ ቃላት መካከል የተፈለገው ልዩነት ለሰሚው ግልጽ አይሆንም። ስለዚህ ለመጀመሪያው «የተቋም የሕክምና መዝገብ»፣ ለሁለተኛው «ተሻጋሪ የጤና መዝገብ» የሚሉትን እናቀርባለን። «ካርድ»ንም ባዕድ ነው በማለት ከመዝገበ ቃላት ማስወጣት አይገባም፤ ታካሚው የሚያውቀው ቃል እሱ ነውና።

የቀረቡት ስያሜዎች የሚፈተኑት በሐኪሞችና በካርድ ክፍል ሠራተኞች አንደበት ነው። እዚያ ካልሠሩ፣ መታረም ያለበት ስያሜው እንጂ ተናጋሪው አይደለም።