ባለቤቱ የጠፋበት ዐረፍተ ነገር

ጎንደር ውስጥ፣ ከቀሐ እስከ ፒያሳ ባሉት ቡና ቤቶች፣ «አንድ መምህር ከተማሪው ጋር ተያዘ» የሚል ወሬ ጣል አድርጉና አዳምጡ። «የዛሬ ልጆች እኮ! እሷው ናት ያሳሳተችው» የሚል አይጠፋም። አሁን ወሬውን ገልብጡት፤ «አንዲት መምህርት ከወንድ ተማሪዋ ጋር» በሉ። በመምህርቷ ላይ ስድብ ይዘንባል፤ ስለ ልጁ ግን «ጎበዝ! ወንድ ወጣው» ይባላል፤ ይሳቃል።

ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው የዐረፍተ ነገሩን ባለቤት መፈለግ አይተወውም። «አሳሳተችው» ሲባል ባለቤቷ የ15 ዓመቷ ልጅ ናት። ደመወዝ የሚበላው፣ ማርክ የሚሰጠው ጎልማሳ ተሳቢ ሆኖ ቁጭ ብሏል፤ ምስኪን፣ ተደረገበት እንጂ አላደረገም! «ወንድ ወጣው» ውስጥ ደግሞ መምህርቷ ጭራሽ የለችም። አንዷ ልጅ ጥፋተኛ፣ አንዱ ልጅ ባለ ድል። የተበደለ ልጅ ግን በሁለቱም የለም።

«የቡና ቤት ወሬ ነው፣ ተዉት» እንዳንል ሕጋችንም ከዚህ ሚዛን አላመለጠም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 626፣ ዕድሜዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት በሆነ ልጅ ላይ ወንድ ቢፈጽም ከ3 እስከ 15 ዓመት፣ ሴት በወንድ ልጅ ላይ ብትፈጽም ግን ከ7 ዓመት የማይበልጥ ጽኑ እስራት ይላል። ተበዳዩ የአጥፊው ተማሪ ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል፤ ለወንዱ ከ5 እስከ 20፣ ለሴቷ ከ3 እስከ 10። መምህርነትን ቅጣት ማክበጃ ማድረጉ ይበል የሚያሰኝ ነው። የወንዱ ልጅ በደል ግን ለምን በግማሽ ዋጋ ተተመነ?

«ሴት ልጅ ታረግዛለች፣ ከትምህርቷ ትቀራለች፣ ስሟ ይጠፋል» የሚል መልስ ይኖራል። እውነት ነው፤ ዳኛ ሊመዝነው ይገባል። ሆኖም ይህ የሴቷን ጉዳት ያሳያል እንጂ ወንዱ አልተጎዳም ማለት አይደለም።

በሽታው የኛ ብቻም አይደለም። አሜሪካዊቷ መምህርት ሜሪ ኬይ ለቱርኖ በ12 እና በ13 ዓመቱ ከነበረ ተማሪዋ ጋር በፈጸመችው ድርጊት እ.ኤ.አ. በ1997 ጥፋተኛ ስትባል፣ ከሰባት ዓመት ተኩሉ ፍርድ አብዛኛው በገደብ ተነሣላት። ገደቡን ጥሳ ከልጁ ጋር በመገኘቷ ነው በ1998 ሙሉውን እንድትታሰር የታዘዘው። ወሬኛው ዓለም ግን «ፍቅር» ብሎ ተረከው። መምህሩ ወንድ፣ ልጅቷ የ12 ዓመት ብትሆን ማን ፍቅር ይለው ነበር?

እኛ ዘንድ ደግሞ ወንዱ መምህር ሽማግሌ ይልካል። የልጅቷ አባት በይሉኝታ ይያዛሉ፤ ነገሩ በእርቅ ያልቃል፤ መምህሩም ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ይዛወራል። ኧረ እዚያስ ተማሪ የለም እንዴ?

ወገኖቼ፣ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ አስተማሪ ነው ወይስ አይደለም? አስተማሪ ከሆነ፣ ቀሚስ ለበሰ ሱሪ፣ የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት እሱ ነው።