መመሪያው ለማን ተጻፈ?

ማንጋቴንን በመሰሉ የጁባ ሠፈሮች የመጠጥ ውሃ በአብዛኛው ከቧንቧ አይቀዳም፤ በቦቴ መኪና መጥቶ በበርሜልና በጀሪካን ይገዛል። ከተማይቱ እ.ኤ.አ. በ2014፣ በ2015 እና በ2016 የኮሌራ ወረርሽኝ አግኝቷታል፤ በ2024 ማብቂያም በሽታው በሀገሪቱ ዳግም ተቀስቅሷል። እንዲህ ባለ ሥፍራ በየቤቱ ሊኖሩ የሚገባቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ የውሃ ማከሚያ ኪኒንና ተቅማጥ ለያዘው ሰው የሚበጠበጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር። ሁለቱም ርካሽ ናቸው፤ ሁለቱም ነፍስ ያተርፋሉ። ይህን የሚያደርጉት ግን በማሸጊያቸው ላይ የሰፈረው መመሪያ በትክክል ከተገባ ነው።

የአጠቃቀም መመሪያ ከድርሰት አይቆጠርም፤ ሐያሲም ዞር ብሎ አያየውም። ልብ ወለድ ግልጽ ባይሆን አንባቢው መጽሐፉን አጥፎ ያስቀምጠዋል። መመሪያ ግልጽ ባይሆን ግን የጸሐፊው ጉድለት በአንባቢው ሰውነት ላይ ይፈጸማል። በዚህ ሚዛን ሲታይ ከጽሑፍ ሁሉ ይልቅ ሂስ የሚገባው ይኸው የተናቀው ጽሑፍ ነው።

በአማርኛ የሚወጡ መመሪያዎች የመጀመሪያ ሕመም ከትርጉም ይመጣል። የእንግሊዝኛው ዐረፍተ ነገር ትእዛዙን ከፊት ያስቀድማል፤ «አታድርግ» የሚለው ቃል ከሁሉ በፊት ይሰማል። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው፤ አሉታውም ከግሱ ጋር ተጣብቆ ይመጣል። ለምሳሌ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ይታሰብ፤ «ኪኒኑን ከወንዝ ተቀድቶ በጨርቅ ሳይጠለል በሃያ ሊትር ጀሪካን በተሞላ ደፍራሽ ውሃ ውስጥ አይጨምሩ»። በሰዋስው ረገድ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን እያነበበ የሚሠራ ሰው እጁ ከዓይኑ ይቀድማል፤ «አይጨምሩ» ከሚለው ቃል ሲደርስ ኪኒኑ ውሃው ውስጥ ሟሙቷል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ «ውሃው ደፍራሽ ከሆነ አስቀድመው በጨርቅ ያጥልሉት። ከዚያ ኪኒኑን ይጨምሩ። ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ከዚያ ይጠጡ።» እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር አንድ ሥራ ብቻ ይዟል፤ ሁኔታው ከትእዛዙ ይቀድማል፤ የአማርኛ ተፈጥሮም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ሕመም ባለቤት ማጣት ነው። ቢሮ ለቢሮ የሚጻጻፍበት አማርኛ «ይደረጋል»፣ «መፈጸም ይኖርበታል» ማለት ይወዳል፤ ይህ ልማድ ወደ መመሪያም ገብቷል። «ከመጠቀም በፊት ይታጠባል» የሚለው ሐረግ ሲነበብ የሚታጠበው እጅ ነው? ዕቃው ነው? ወይስ ተጠቃሚው ገላውን ይታጠብ ማለት ነው? «በመጀመሪያ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ቀጥሎ ጀሪካኑን ያጥቡ» ቢባል ጥያቄው ሁሉ ይቀር ነበር።

ሦስተኛው ሕመም ልኬት ነው። ሕይወት አድኑ አንድ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። ውሃው ካነሰ ጨዉ በርትቶ ሕፃኑን ይጎዳል፤ ከበዛም የሚፈለገውን ያህል አይጠቅምም። ጉዳዩ ይህን ያህል ጥብቅ ሆኖ ሳለ፣ በብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት መለኪያው «ሃይላንድ» ነው። የአንድ ድርጅት የውሃ ስም የፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ ስም ሆኗል፤ ጠርሙሱ ግን ግማሽ ሊትርም፣ አንድ ሊትርም፣ ሊትር ተኩልም፣ ሁለት ሊትርም የሚይዝ አለ። «አንድ ሊትር» ብሎ የሚያልፍ ጸሐፊ እውነት ጽፏል፤ አንባቢው በእጁ የያዘውን ዕቃ ግን አላየለትም። «በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ይመልከቱ፤ ግማሽ ሊትር ከሆነ ሁለት ጊዜ ይሙሉ» የሚል አንድ መሥመር ይህን ክፍተት ይደፍነዋል።

አራተኛው የጊዜ አቆጣጠር ነው፤ ይህኛው የአማርኛ አንባቢ የብቻው ፈተና ነው። «በየ8 ሰዓቱ» ማለት በቀን ሦስት ጊዜ ማለት ነው፤ «በ8 ሰዓት» ማለት ግን አንድ ጊዜ፣ ያውም ከቀትር በኋላ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ፊደል ብቻ ነው። የመጠቀሚያ ጊዜ ማብቂያም እንዲሁ ነው። ማሸጊያው ላይ 2022 የሚል ቢታተም፣ ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ2014 መጨረሻና ከ2015 መጀመሪያ ጋር ይገጥማል። በሀገሩ ዘመን የሚያስብ ሰው ግን ያለፈበትን መድኃኒት ገና ዓመታት የቀሩት አድርጎ ያየዋል። «እ.ኤ.አ.» የምትለው አጭር ምልክት ጤና ትጠብቃለች።

ጥፋቱን በቋንቋው ላይ የሚጭኑ አይጠፉም፤ አማርኛ ለሳይንስ ቃል አጣ ይላሉ። የቃል ችግር መኖሩ አይካድም፤ በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትም ለዚሁ የተደከመበት ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ከላይ ከተነሡት አራት ሕመሞች አንዱም በአዲስ ቃል አይድንም። «ውሃ»፣ «ጀሪካን»፣ «ሰዓት» ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው ቃላት ናቸው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ለአዲስ አንባቢዎች ስለ ጤናና ስለ እርሻ ጽሑፎችን ሲያቀርብ፣ ቀዳሚው ጥያቄ የሚያነበው ማን ነው የሚል ነበር። ዛሬ የተረሳውም ይኸው ጥያቄ ነው።

ደግሞም ሕዝቡ ግልጽ መመሪያ መስጠትን ከማንም መማር አያሻውም። እናት ልጇን እንጀራ መጋገር ስታስተምር «ዐይን ሲያወጣ አክንባሎውን ክደኚ» ትላለች። ምልክቱ በዓይን ይታያል፤ ሁኔታው ይቀድማል፤ ትእዛዙ አንድ ነው፤ ታዛዧም ማን እንደሆነች ግሱ ራሱ ይናገራል። ከምጣዱ ዳር የተገኘው ይህ ጥበብ ወደ ማተሚያ ቤት ሲሄድ ለምን መንገድ ላይ እንደሚቀር ሊያስቡበት የሚገባቸው ጸሐፊዎችና ተርጓሚዎች ናቸው።

በጁባ ጉዳዩ ይብስ ይሆናል እንጂ አይቀልም። ማሸጊያው በእንግሊዝኛ ወይም በዐረብኛ የተጻፈ ከሆነ፣ ተርጓሚው ብዙ ጊዜ ከትምህርት ቤት የተመለሰ ልጅ ነው፤ እያነበበ ለእናቱ በአማርኛ ይነግራታል። ያ ልጅ ቃል በቃል ከመተርጐም ይልቅ አስቀድሞ እስከ መጨረሻ አንብቦ፣ ከዚያ «መጀመሪያ ይህን፣ ቀጥሎ ይህን» ብሎ ቢነግራት፣ ብዙ ባለሙያዎች የሳቱትን የመመሪያ አጻጻፍ ሥራ በትክክል ሠራ ማለት ነው። እናቱም ጀሪካኑን ከመክፈቷ በፊት ምን እንደምታደርግ ታውቃለች።